ከመደርደሪያ ወደ ታንኳ፦ የሐይቅ ጥልቀት ካርታ ለዓሣ አስጋሪው እንዲደርስ

ሐይቆችን የሚመለከቱ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ጉዳያቸው ልዩ ልዩ ነው። አንዱ የውኃ ሚዛንን፣ ሌላው የደለል ክምችትን፣ ሌላው የመስኖ ፍላጎትን ወይም የኃይል ማመንጫ ግድብን አሠራር ይመረምራል። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ ግን አንድ የጋራ መሠረት አላቸው፤ ይኸውም የሐይቁን ወለል ቅርጽ የሚያሳየው የጥልቀት ካርታ ነው። ሐይቁ በየትኛው ከፍታ ምን ያህል ውኃ እንደሚይዝ ለማስላት አስቀድሞ ወለሉ መታወቅ አለበትና። ስሌቱ ሲያልቅ ግን የካርታውም አገልግሎት አብሮ ያልቃል። በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከመዳፍ በማይበልጥ ስፋት፣ ከፈዛዛ ወደ ጥቁር ሰማያዊ በሚሄድ ቀለም ተስሎ ይቀራል። በዚያው ሐይቅ ላይ ማልዶ መረቡን የሚጥለው ዓሣ አስጋሪ ካርታው መኖሩን አያውቅም፤ ቢያውቅም በቀላሉ አያገኘውም፤ ቢያገኘውም በተሳለበት መልኩ ሊሠራበት አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው። የሐይቅ ጥልቀት ካርታ ተሠራ ሊባል የሚገባው በውኃው ላይ የሚወጣ ሰው ሊጠቀምበት ሲችል ብቻ ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ካርታው የተመሠረተበት የውኃ ደረጃ፣ ቀንና የልኬት መንገድ አብሮት መጻፉ ነው። ሁለተኛው ከመደርደሪያ ወጥቶ ለሕዝብ መለቀቁ ነው። ሁለቱም በተመራማሪው እጅ ያሉ፣ ከፍተኛ ወጪ የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው።

ጥልቀት ለዓሣ አስጋሪ ምን ይነግረዋል?

ዓሣ በሐይቅ ውስጥ በእኩል አይሰራጭም። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚገኘው ሣርና ደንገል በሚበቅልበት፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አካባቢ ነው፤ ወንዱ ለመራቢያ የሚሆነውን ጉድጓድ የሚቆፍረውም በዚያው ወለል ላይ ነው። አምባዛ ጭቃማውን ወለል ይወዳል፤ በክረምትም ውኃ ወደ ተኛበት ሜዳ ለመራባት ይወጣል። ነጭ ዓሣ በሚለው የጋራ ስም የሚጠሩት፣ ከጣና ተፋሰስ በቀር በሌላ ቦታ የማይገኙት የላቤዎባርበስ ዝርያዎች ደግሞ ሐይቁን ተከፋፍለው ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ ዳርቻውን፣ ሌሎቹ ከዳርቻ የራቀውን ውኃ ይይዛሉ። ወለሉ ከጥልቀት አልባው ወደ ጥልቁ በድንገት የሚወርድበት ጠርዝ፣ በውኃ ውስጥ የተደበቀ ጉብታ፣ የቀድሞ ወንዝ ፈለግ፣ የድንጋይ ክምር፣ እነዚህ ሁሉ ልምድ ያለው ዓሣ አስጋሪ የሚፈልጋቸው ቦታዎች ናቸው። መረቡም ከውኃው ጥልቀት ጋር ካልተመጣጠነ ዓሣው በሌለበት ንብርብር ላይ ይንጠለጠላል ወይም በጭቃና በድንጋይ ተይዞ ይቀደዳል።

ካርታው የሚጠቅመው ዓሣ ለማግኘት ብቻ አይደለም። ከቀትር በኋላ ነፋስ በሚነሣባቸው ሐይቆች ላይ ማዕበሉ የሚሰበረው ጥልቀቱ በሚያንስበት ቦታ ነው። በጫሞ ሐይቅ አዞና ጉማሬ የሚያዘወትሩት ዳርቻውንና ጥልቀት የሌለውን ውኃ ነው። ስለዚህ የት መቅዘፍ፣ የት ማረፍ፣ ከየት መራቅ እንደሚገባ ለመወሰን የወለሉ ቅርጽ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ይህ ለዕለት ጉርሱ ለሚያሰግረው ብቻ ሳይሆን፣ ለዕረፍት ቀኑ መንጠቆ ይዞ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ጫሞ ለሚወርደውም ይሠራል። ውኃውን የማያውቀው እንግዳ ከነባሩ ይልቅ ካርታ ያስፈልገዋል።

ይህ ሲባል ግን ጥልቀት ብቻውን ዓሣን አይተነብይም። በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ጥልቁ ሻላ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር እንደሚደርስ ይታወቃል። ውኃው ግን በሶዳና በጨው የከበደ በመሆኑ ይህ ነው የሚባል የዓሣ ምርት የለውም። በአንጻሩ ከአገሪቱ ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ጣና ከፍተኛ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙ ሺህ ሰው ይመግባል። በደቡብ ወሎ የሚገኘው፣ 80 ሜትር ገደማ የሚጠልቀው የሐይቅ ከተማ ሐይቅም በታችኛው የውኃ ክፍሉ ኦክስጅን ስለሚያጣ፣ ለዓሣ የሚሆነው የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥልቀት ከውኃው ጠባይ ጋር አብሮ መነበብ አለበት።

የቶፖግራፊ ካርታ እስከ የት ያደርሳል?

ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የቶፖግራፊ ካርታን ነው። ቀድሞ በኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ሲዘጋጅ የቆየውና አሁን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የ1:50,000 ካርታ መንገዱን፣ መንደሩን፣ ገደሉንና ወደ ሐይቁ የሚገቡትን ወንዞች በግልጽ ያሳያል። ወደ ውኃው ለመድረስና ከገደል አፋፍ በሰላም ለመውረድ ከእርሱ የተሻለ የወረቀት ምንጭ ማግኘት ያዳግታል። ዳሩ ግን ካርታው ውኃው ዳር ሲደርስ ዝም ይላል። የከፍታ መስመሮቹ በሐይቁ ጠርዝ ላይ ያቆማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰማያዊ ባዶ ነው።

መስመሮቹ በውኃው ውስጥ ይቀጥሉ ነበር ቢባል እንኳ ችግሩ አይፈታም። በእነዚህ ካርታዎች ላይ በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት በተለምዶ 20 ሜትር ነው። የጣና ጥልቀት በሙሉ 14 ሜትር ስለሆነ ሐይቁን ከነጉብታውና ከነጎድጓዳው የሚወክለው ቢበዛ አንድ የከፍታ መስመር ብቻ ይሆናል። ለዓሣ አስጋሪ የሚጠቅመው የግማሽ ሜትር ወይም የአንድ ሜትር ልዩነት የሚያሳይ ካርታ ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የቀድሞዎቹ የቶፖግራፊ ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባለው የመጋጠሚያ ሥርዓት ላይ ሲሆን፣ የእጅ ስልክና ጂፒኤስ የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ነው። ከአሮጌው ካርታ ላይ የተነበበ የቦታ አኃዝ ሳይለወጥ ወደ ስልክ ከገባ ቦታው ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይዛነፋል። በየብስ ላይ ይህ ዐይን የሚያርመው ስህተት ነው። በውኃ ላይ ግን ምልክት የሚሆን ዛፍም ቤትም ስለሌለ፣ የሁለት መቶ ሜትር ስህተት ጉብታውን ከነጭራሹ ያሳጣል።

ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ሁኔታ አለ፤ እርሱም ውኃው ከካርታው በኋላ የመጣበት ቦታ ነው። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከመሙላቱ በፊት የተሠራ የቶፖግራፊ ካርታ የሐይቁ የጥልቀት ካርታ ይሆናል። ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካውና ኤስ አር ቲ ኤም በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የዓለም የከፍታ መረጃ የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ነው። የተከዜ ግድብ ሥራ የጀመረው በ2009 ነው፤ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውኃ መያዝ የጀመረው በ2020 ነው። በመሆኑም ይህ ለማንም ክፍት የሆነ መረጃ የሁለቱን ሸለቆዎች ከነፈለጋቸው፣ በውኃ ከመዋጣቸው በፊት እንደነበሩ ይዞ ይገኛል። የንጋት ሐይቅ ሙሉ ደረጃ ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ነውና፣ በመረጃው ላይ 600 ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ ሐይቁ ሲሞላ 40 ሜትር ያህል ይጠልቃል ማለት ነው። ቆቃ ግን ግድቡ የተጠናቀቀው በ1960 ስለሆነ በዚሁ መረጃ ላይ የሚታየው ዝርግ የውኃ ገጽ ብቻ ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ከግድቡ በፊት የተዘጋጀ ካርታ ይሆናል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ከጥቂት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስለተስፋፋ፣ ቀድሞ የግጦሽ መሬት ሆኖ በካርታ የተሣለው ዛሬ የሐይቅ ወለል ነው።

ይህ ዘዴም ገደብ አለው። የራዳሩ መረጃ የበርካታ ሜትር ስህተት ሊኖረው ይችላል፤ የከፍታ መነሻው ግድቡ ከሚጠቀምበት መነሻ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ደለል ደግሞ በየዓመቱ ወለሉን ይቀይራል። ስለዚህ ለጥልቅ ሸለቆ ይሠራል፤ ለዝርግ ዳርቻ አይሠራም።

የውኃ ደረጃ የሌለው ጥልቀት

በየብስ ካርታ ላይ ያለ ተራራ ከዓመት ዓመት ቁመቱ አይለወጥም። የሐይቅ ጥልቀት ግን ከውኃው ገጽ ወደ ታች የሚለካ ነው፤ የውኃው ገጽ ደግሞ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ ‹‹እዚህ ቦታ ጥልቀቱ 3 ሜትር ነው›› የሚል አኃዝ፣ ሐይቁ በየትኛው ደረጃ ላይ ሳለ እንደተለካ ካልተገለጸ፣ ሙሉ ትርጉም የለውም።

ጣና ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። የሐይቁ ደረጃ በክረምቱ ማብቂያ ከፍ ብሎ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ልዩነቱ ከ1 ሜትር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብ ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ መቆጣጠር ከጀመረ ወዲህ ደረጃው ለዝናብ ብቻ ሳይሆን ለኃይል ማመንጫ ፍላጎትም ይገዛል። በ2003 ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,784.4 ሜትር ወርዶ ለወራት መርከቦች መንቀሳቀስ አልቻሉም፤ ውኃው በሸሸበት ወለል ላይም ሰብል ተዘራ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በጣና በለስ ዋሻ በኩል ውኃ ወደ በለስ ይተላለፋል።

አሁን አንድ የጥልቀት ካርታ ሐይቁ 1,786.5 ሜትር ላይ ሳለ ተሠራ እንበል። ዓሣ አስጋሪው በሚወጣበት ቀን ደረጃው 1,785 ሜትር ከሆነ ከእያንዳንዱ የካርታው አኃዝ ላይ 1.5 ሜትር መቀነስ አለበት። ካርታው 3 ሜትር ያለው ቦታ 1.5 ሜትር ነው፤ ካርታው 1 ሜትር ያለው ቦታ ደረቅ መሬት ነው። ቅነሳው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሒሳብ ነው። ይሁን እንጂ የመነሻው ደረጃ በካርታው ላይ ካልተጻፈ ይህን ቀላል ሒሳብ ማንም ሊሠራው አይችልም።

የለውጡ ክብደትም እንደ ሐይቁ ቅርጽ ይለያያል። ከጣና ዳርቻ ወደ መካከሉ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ወለሉ የሚወርደው 14 ሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም በአማካይ በ1 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሜትር አይሞላም። እንደ ደንቢያና ፎገራ ባሉ ዝርግ ዳርቻዎች የ1 ሜትር መውረድ የውኃውን ጠርዝ እጅግ አርቆ ይወስደዋል። ሻላ ግን ግድግዳው ቀጥ ያለ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ስለሆነ በተመሳሳይ ለውጥ ጠርዙ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከሻላ ጋር የተጎራበተው አቢጃታ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ምሳሌ ነው። ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት በጣም ስለሸሸ፣ የድሮው የጥልቀት ካርታው ዛሬ ከብት የሚሰማራበትን መሬት ውኃ አድርጎ ያሳያል። ካርታው በተሠራበት ቀን ትክክል ነበር፤ የጎደለው ቀኑ ነው።

ካርታው እንዴት ይሠራል፣ ምንስ ይሰውራል?

የዛሬ ተመራማሪ ጥልቀትን የሚለካው በጀልባ ላይ በተገጠመ የድምፅ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ወለሉን መትቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በጣፋጭ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 14 ሜትር ጥልቀት ላይ ደርሶ የሚመለሰው ከሰከንድ ሃምሳኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ይህ ልኬት በጀልባው መንገድ ላይ አስተማማኝ ነው። ጀልባው ያላለፈበት ቦታ ግን አልተለካም። ካርታው ላይ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ወለል በሁለት የጉዞ መስመሮች መካከል በስሌት የተሞላ ግምት ነው። መስመሮቹ በ2 ኪሎ ሜትር ከተራራቁ በመካከላቸው ያለ መቶ ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ላይታይ ይችላል። ለውኃ መጠን ስሌት ይህ ጉድለት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለዓሣ አስጋሪ ግን ያ ጉብታ ከሐይቁ ሁሉ የሚፈልገው ቦታ ሊሆን ይችላል። የጀልባው መንገድ በካርታው ላይ በቀጭን መስመር ቢታይ አንባቢው የተለካውን ከተገመተው በቀላሉ ይለየዋል።

ልኬት የሌለባቸው ካርታዎችም አሉ። በቅርብ ዓመታት በዓለም ላይ ላሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሐይቆች በሞዴል የተሰላ ጥልቀት የያዙ የመረጃ ስብስቦች በነፃ ተለቀዋል። ለአኅጉር ወይም ለዓለም አቀፍ ጥናት ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን ወለሉን ከሐይቁ ስፋትና ከዙሪያው መሬት ቅርጽ የሚገምቱ እንጂ የለኩት አይደሉም። እንዲህ ያለውን ካርታ ይዞ መረብ ለመጣል መውጣት በግምት ላይ መቅዘፍ ነው። ከሳተላይት ምስል የውኃን ጥልቀት በቀጥታ ለማንበብ የሚሞክረው ዘዴም ጥሩ ውጤት የሚሰጠው ብርሃን እስከ ወለሉ በሚደርስበት ጥሩ ውኃ ነው፤ እንደ ጣናና ላንጋኖ ባሉ ድፍርስ ሐይቆች ብዙ አያራምድም።

በአንጻሩ ርካሽና ለድፍርስ ውኃም የሚሠራ ዘዴ አለ። ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች በ10 ሜትር ዝርዝር በየጥቂት ቀናት የሚያነሷቸው ምስሎች ለማንም ክፍት ናቸው። በልዩ ልዩ ወራት የተነሡ ምስሎች ላይ የውኃው ጠርዝ ከተነበበና በዚያው ቀን የነበረው የሐይቅ ደረጃ ከተጻፈበት፣ እያንዳንዱ ጠርዝ አንድ የጥልቀት መስመር ይሆናል። በጣና ላይ የባሕር ዳር መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1959 አካባቢ ጀምሮ ደረጃውን ሲመዘግብ ቆይቷል፤ ከሳተላይት የሚለካ ደረጃም በነፃ ይሰራጫል። በዚህ መንገድ ቢያንስ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ደረጃ መካከል ያለው የዳርቻ ክፍል ያለ ጀልባ ሊሣል ይችላል። የታንኳ ዓሣ አስጋሪ በአብዛኛው የሚሠራበት ደግሞ ዳርቻው ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የጥልቀት ካርታ ለሕዝብ ቢለቀቅ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1909 ጆን መሬይና ሎረንስ ፑላር በመሩት ጥናት 562 ሐይቆች በመሣሪያ በሚወርድ ሽቦ ተለክተው፣ ውጤቱ በ1910 በስድስት ጥራዞች ታተመ። ከሥራው ጀማሪዎች አንዱ የነበረው የሎረንስ ልጅ ፍሬደሪክ ፑላር በ1901 በረዶ ተሰብሮ ሐይቅ ውስጥ የሰጠሙ ሰዎችን ሊያድን ሲሞክር ሕይወቱ አልፏል፤ አባቱም ሥራው እንዳይቋረጥ ወጪውን ሸፈነ። ዛሬ እነዚያ ካርታዎች በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኩል ለማንም ያለ ክፍያ ይታያሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ካርታ እስከ ዛሬ አገልግሎት የሚሰጠው የልኬቱ ቀን፣ የውኃው ደረጃና የተለካባቸው ነጥቦች አብረው ስለታተሙ ነው። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛትም የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ የሐይቆችን የጥልቀት ካርታ ከዓሣ ቆጠራ ውጤት ጋር አዛምዶ ለሕዝብ ያቀርባል። እዚያ ካርታው፣ የዓሣው ሁኔታና የማስገሪያ ደንቡ በአንድ ቦታ ይገኛሉ። አንባቢው ዓሣ የት እንዳለ ሲያውቅ ምን ያህል ማውጣት እንደተፈቀደለትም አብሮ ያውቃል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የዓሣው ጥበቃ ነው። ካርታው ዓሣ የት እንደሚሰበሰብ የሚጠቁም ከሆነ ለማጥፋትም መንገድ አይከፍትምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። በጣና የሞተር ጀልባ ማስገር እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረ በኋላ መረቡ ከዳርቻ ወደ ሰፊው ውኃና ወደ ወንዝ አፎች ደረሰ። ለመራባት በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ የሚወጡት የላቤዎባርበስ ዝርያዎች በወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ በብዛት ይያዛሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ የተደረጉ ናሙናዎች ሲነጻጸሩ የእነዚህ ዝርያዎች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል።

ሆኖም ይህ ታሪክ ራሱ መልሱን ይዟል። ጉዳቱ የደረሰው የጥልቀት ካርታ በሕዝብ እጅ ሳይኖር ነው። ሞተር፣ ነዳጅና ረጅም መረብ ያለው ሰው የወንዙን አፍ ለማግኘት ካርታ አላስፈለገውም። ካርታው ተደብቆ ሲቀር የሚጎዳው አቅም የሌለው ታንከኛ፣ ደንብ የሚያስከብረው ባለሙያና የተከለከለውን ቦታ ወሰን ማወቅ የሚፈልገው ማኅበር ነው። የወንዝ አፍ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይከለል ቢባል ክልሉ የሚጀምረውና የሚያበቃው የት ነው? መልሱ በካርታ ላይ ካልተሣለ ክልከላው ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመራቢያ ቦታዎች በሕዝብ ካርታ ላይ ከነተከለሉበት ወራት በጉልህ ሊቀመጡ ይገባል። ለዚህ የሕግ መሠረት አለ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ተከትሎ የሚወጣ የክልል ደንብ በካርታ ቢደገፍ ለአስፈጻሚውም ለአስጋሪውም ይቀላል። ገና ያልታወቀና ጥበቃ ያልተደረገለት የመራቢያ ስፍራ በጥናት ከተገኘ ግን መጀመሪያ ለሚመለከተው አካል ቀርቦ ከተከለለ በኋላ ይፋ ቢሆን የተሻለ ነው። ጥንቃቄው ለዚያ አንድ ነጥብ ነው፤ ሙሉውን ካርታ ለመሰወር ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዓሣ አስጋሪው ሐይቁን ከማንም በላይ ስለሚያውቅ፣ ካርታ ማንበብም ስለማይችል ካርታው አያስፈልገውም የሚል ነው። የተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው፤ ዕውቀቱ አለው። ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ወይም በመግፊያ እንጨት ጥልቀትን መለካት ከመሣሪያው በፊት የነበረ ጥበብ ነው። ነገር ግን ይህ ዕውቀት ከመንደሩ ፊት ለፊት ላለው ውኃ ነው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 አካባቢ ጀምሮ የጣናን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ሲይዝ፣ አስጋሪው የለመደውን ቦታ ትቶ ወደማያውቀው ውኃ ለመሄድ ይገደዳል። ካርታ ማንበብ አይችልም የሚለው ደግሞ የካርታውን አሠራር እንጂ የአንባቢውን ችሎታ አይመለከትም። ጥልቀቱ በክንድ ወይም በቁመት ቢገለጽ፣ ቦታዎቹ አስጋሪዎቹ በሚጠሯቸው ስሞች ቢጻፉ፣ ወረቀቱ ውኃ እንዳያበላሸው ቢለበጥ ማንም ያነበዋል። ከዚህም በላይ ተመራማሪው ካርታውን ይዞ ወደ አስጋሪዎቹ ሲመለስ በሁለት መስመሮቹ መካከል ያመለጠውን ጉብታ የሚነግሩት እነርሱ ናቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የባለቤትነት ነው። ነጥቦቹን ለመሰብሰብ የደከመ ተመራማሪ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያትምበት ይሠጋል። ሥጋቱ ይገባል፤ መፍትሔውም የታወቀ ነው። መረጃው ተመራማሪው ሥራውን እስኪያሳትም ለተወሰነ ጊዜ ታሽጎ ይቆይ፤ ጊዜው ሲያበቃ ከነሰብሳቢው ስም ይለቀቅ። ያለ ገደብ ታሽጎ የሚቆይ መረጃ ግን በመጨረሻ በተበላሸ ኮምፒውተር ወይም በጠፋ ፍላሽ ላይ ያበቃል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተደረገው ልኬትም እንደገና በሕዝብ ገንዘብ ይደገማል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ የሐይቅ ጥልቀት ካርታ የያዘ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ስድስት ነገሮችን ሳይገልጽ እንዳያልፍ የትምህርት ክፍሎች ቢወስኑ ይጠቅማል፤ የልኬቱን ቀን፣ በዕለቱ የነበረውን የውኃ ደረጃ፣ የከፍታውን መነሻ፣ የመጋጠሚያ ሥርዓቱን፣ የጀልባውን መንገድና በነጥቦች መካከል ያለው ወለል የተሞላበትን የስሌት ዘዴ። ይህ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ሁለተኛ፣ የተለኩት ነጥቦች ከነአኃዛቸው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በኤሌክትሮኒክ መልክ ይቀመጡ። በሥዕል ብቻ የቀረ ካርታ ተመልሶ ወደ ቁጥር አይለወጥም። ነጥቦቹ ካሉ ግን የሚቀጥለው ተማሪ ከአሥር ዓመት በኋላ ለክቶ ደለሉ ምን ያህል እንደሞላው ሊያነጻጽር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ እንዲህ ካለ ጥናት ጋር አንድ ሉህ ለሐይቁ ተጠቃሚዎች ይዘጋጅ፤ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአካባቢው የቦታ ስሞች፣ ከተከለከሉት ቦታዎችና ወራት ጋር። በሉሁ ጥግ ላይ የቀኑን ደረጃ ከካርታው ደረጃ ጋር አነጻጽሮ የመቀነሱ ዘዴ በምሳሌ ይጻፍ። የሐይቁ የዕለት ደረጃም በወደቦችና በዓሣ ማረፊያዎች ላይ በሚታይ ሰሌዳ ቢለጠፍ ካርታው ሕያው ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ወደ ሐይቅ የሚወርድ ሰው ያሉትን ምንጮች በቅደም ተከተል ሊጠቀም ይችላል። ለመድረሻው መንገድ የቶፖግራፊ ካርታን፣ ለዳርቻው ቅርጽ የደረቅና የክረምት ወራት የሳተላይት ምስሎችን፣ ለወለሉ ደግሞ በአቅራቢያው ባለ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ጥናትን ይመልከት፤ ቀንና ደረጃ የሌለውን አኃዝ እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ልኬት አይቁጠረው። ውኃው ላይ ከወጣ በኋላም ካርታውን በገመድ ይፈትን፤ በሦስት ቦታ ለክቶ ልዩነቱ ተመሳሳይ ከሆነ ደረጃው ተቀይሯል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ከቦታ ቦታ ከተለያየ ግን ካርታው ራሱ አይታመንም።

ለአንድ ሐይቅ የጥልቀት ካርታ ጀልባ፣ ነዳጅ፣ መሣሪያና የብዙ ቀናት ድካም ይወጣል። ከዚህ ወጪ በኋላ የውኃውን ደረጃ ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው። ያ መስመር የቀረበት ካርታ ለፈታኞች ሊበቃ ይችላል፤ በሰኔ ጠዋት ታንኳውን ወደ ውኃ ለሚገፋው ሰው ግን አይበቃም።